«የራሴን እንጀራ ስጠየቅ አንደበቴ ተያዘ»

ጥያቄ

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤ ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ደብረ ብርሃን ሲሆን፣ በሒሳብ አያያዝ ከተመረቅሁ በኋላ በሙያዬ ሥራ ስላጣሁ ፍርድ ቤት አካባቢ በሚገኝ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ ማመልከቻ፣ ውል፣ ደብዳቤና የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ስተይብ እውላለሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ውጭ አገር ለመማር ስለማስብ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታን የሚለካውን የአይኤልትስ ፈተና ለመውሰድ ተመዝግቤያለሁ። ንባቡና ማዳመጡ ብዙም አያሰጋኝም፤ የከበደኝ የቃል ፈተናው ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው የአጎቴ ልጅ ሊረዳኝ ብሎ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ከኢንተርኔት አውርዶ፣ አሳትሞ ሰጠኝ። ከመካከላቸው ስለ ኪቦርድ ጽሕፈት የሚጠይቁ ነበሩ። በየቀኑ ታይፕ ታደርጊያለሽ? በእጅ መጻፍ ትመርጫለሽ ወይስ በኪቦርድ? መቼ ተማርሽ? ችሎታሽን የምታሻሽዪው እንዴት ነው? የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ ከሁሉም ይህ የሚቀለኝ መስሎኝ መልሶቹን በቃሌ ያዝኳቸው። ባለፈው ወር አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ የቋንቋ ማሠልጠኛ ሄጄ የሙከራ ቃለ መጠይቅ ሳደርግ ግን መምህሩ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ አስቆሙኝና «ይህ ያንቺ አይደለም፤ ያንቺን ንገሪኝ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ «የስ» እና «ኖ» ከማለት በቀር የምናገረው ጠፋኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ የምሠራበትን ቦታ መናገርም ያሳፍረኛል። ወረቀቱ ላይ ያለችው ሴት በትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ በላፕቶፕ ሪፖርት የምታዘጋጅ ናት። እኔ ደግሞ የሰው ማመልከቻ የምጽፍ ነኝ። ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ ልለማመድ ስል እናቴና ታናናሾቼ ስለሚሰሙኝ እተወዋለሁ። ለፈተናው የቀረኝ ከአንድ ወር ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ነው። ቀኑን ላራዝመው? እንደ ወረቀቷ ሴት ሆኜ ብመልስስ ችግር አለው? የአጎቴን ልጅስ ሳላስቀይም ወረቀቱን እንዴት ልተወው?

ሰ. ከደብረ ብርሃን


መልስ

ውድ እኅታችን ሰ.፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉ ይልቅ ቀልቤን የሳበው፣ የምታውቂውን ነገር ስትጠየቂ አንደበትሽ መያዙ ነው። ስለማታውቂው ነገር ብትጠየቂና ዝም ብትዪ ነገሩ በገባን ነበር። አንቺ ግን ስለ ጽሕፈት የፈለገውን ያህል ብትጠየቂ የምትነግሪው አለሽ፤ ታዲያ መምህሩ ፊት ቃል ያጣሽው እንግሊዝኛው ብቻ ከድቶሽ ነው ትያለሽ? ወይስ የራስሽ ቀን፣ የራስሽ ወንበርና የራስሽ ሥራ ለፈታኝ የሚነገር አይደለም ብለሽ አስቀድመሽ ስለዘጋሽው ይሆን? እኔ ሁለቱም ያሉበት ይመስለኛል፤ ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው የከበደ ነው። ተመርቆ በሙያው ሥራ አለማግኘት የሚያሳምም ነገር ስለሆነ «ምን ያሳፍራል?» ብዬ ላልፈው አልፈልግም። ሕመሙን ይዘሽም ቢሆን ለዚህ ፈተና የሚበቃ መልስ መስጠት እንደምትችዪ ግን አልጠራጠርም።

በመጀመሪያ ከፊትሽ ያለው ምን እንደሆነ በልኩ እንየው። የቃል ፈተናው በጠቅላላው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ የሚወስድ ሲሆን ሦስት ክፍሎች አሉት። ስለ ጽሕፈት የመሳሰሉ የዕለት ተዕለት ጥያቄዎች የሚመጡት በመጀመሪያው ክፍል ነው፤ እሱም ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ነው። ፈታኙ ነጥብ የሚሰጠው እኩል ክብደት ባላቸው አራት መለኪያዎች ነው፤ ንግግርሽ ሳይቆራረጥና ሐሳቡ ተያይዞ መፍሰሱ፣ የቃላት ሀብትሽ፣ የሰዋስውሽ ስፋትና ትክክለኛነት፣ እንዲሁም አነጋገርሽ ለሰሚው ግልጽ መሆኑ። የምትሠሪበት ቤት ስፋት፣ የኮምፒውተርሽ ዓይነት፣ የሥራሽ ማዕረግ ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ የለም። በቃል የተጠና መልስ ግን ሁሉንም ይጎዳል። ፈታኞች የተሸመደደውን ለይተው እንዲያውቁ ይሠለጥናሉ፤ ሲጠራጠሩም ጥያቄውን ወዲያው ይቀይሩታል። አዲስ አበባ ያገኘሻቸው መምህር አነጋገራቸው ቢያስደነግጥሽም፣ እውነተኛው ፈታኝ ፊት ሊያጋጥምሽ የሚችለውን ቀድመው አሳይተውሻል።

«እንደ ወረቀቷ ሴት ሆኜ ብመልስስ?» ብለሽ ላቀረብሽው ጥያቄ፣ ፈታኙ የሥራ ማስረጃሽን አይመረምርም፤ በዚህ ረገድ የሚደርስብሽ ነገር የለም። ነገር ግን ያልኖርሽውን ኑሮ በሁለተኛ ቋንቋ እየፈጠሩ መናገር ድርብ ሸክም ነው። ሪፖርቱ ስለ ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚላክ፣ ላፕቶፑን የት እንደምትይዢው ሁሉ ፈጥረሽ በእንግሊዝኛ ማሰብ ይኖርብሻል። የራስሽን ስትናገሪ ግን ሐሳቡ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቅሽ ድካምሽ ሁሉ ለቋንቋው ይተርፋል። ስለ ሥራ ቦታሽ በዝርዝር መናገር ካልፈለግሽ «የምሠራው በአንዲት ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው» ብሎ ማለፍ ውሸትም ነውርም አይደለም። ምን ያህል እንደምትገልጪ የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

አሁን ወረቀቱን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊና እነዚህን በአማርኛ መልሺልኝ። ጧት ገብተሽ ኮምፒውተሩን ስታስነሺ ጣቶችሽ እንዴት ናቸው? በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ የኅዳርና የታኅሣሥ ጧት ምን እንደሚመስል የደብረ ብርሃን ልጅ ለሆንሽው ላንቺ አይነገርም። እጅሽን በትንፋሽሽ ታሞቂያለሽ? ሻይ ታስመጪና ብርጭቆውን ይዘሽ ትቆያለሽ? የመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ ከወትሮው የበለጠ ፊደል ትስቻለሽ? አንድ አባት ከባሶና ወራና ገጠር መጥተው የመሬት ክርክራቸውን ሲነግሩሽ፣ እንደተናገሩት ቀጥታ ትተይቢዋለሽ ወይስ መጀመሪያ ዋና ዋናውን በእስክሪብቶ ትይዣለሽ? ጽፈሽ ጨርሰሽ ስታነቢላቸውስ «እንዲህ አላልኩም» የሚሉሽ ጊዜ የለም?

ያቺ ወረቀት ያላት መልስ ከዚህ ጋር አይስተካከልም። ለምሳሌ «በየቀኑ ታይፕ ታደርጊያለሽ?» ለሚለው፣ «አዎን፣ በየቀኑ። የምሠራው ሰዎች ማመልከቻ በሚያስጽፉበት ትንሽ ቤት ስለሆነ ከጧት እስከ ማታ ኪቦርድ ላይ ነኝ። ከተማችን በጣም ብርዳማ ስለሆነች ግን ጧት ጧት ጣቶቼ ደንዝዘው በዝግታ ነው የምጽፈው» ማለት ትችያለሽ። ይኸው በቃ። ጥያቄውን መለሰ፣ ምክንያት ሰጠ፣ ካንቺ ሌላ ማንም የማይለውን አንድ ነገር ጨመረ፣ ቆመ። ይህን በእንግሊዝኛ ለማለት የሚያስፈልጉሽን «ኮልድ»፣ «ፊንገርስ»፣ «ስሎውሊ» የመሳሰሉ ቃላት ደግሞ ቀድሞውንም ታውቂያቸዋለሽ። እባክሽ ይህንም መልስ እንዳትሸመድጂው፤ ያመጣሁት ስፋቱን እንድታዪው ብቻ ነው።

በእጅ ወይስ በኪቦርድ ለሚለው ጥያቄ አንዱን መርጦ መሟገት ግዴታ አይደለም። ባለጉዳዩ ሲናገር በእጅ፣ ለፍርድ ቤት የሚገባው በኪቦርድ፣ ለእናት የሚላከው በስልክ ሊሆን ይችላል። እንደ ሁኔታው የሚለያይ ከሆነ «እንደ ሁኔታው ነው» ብለሽ ሁለቱን በአንድ አንድ ምሳሌ ለዪ። «በት»፣ «ቢኮዝ»፣ «ዌን» የሚሉት ማያያዣዎች ሳትፈልጊያቸው ይመጣሉ፤ ፈታኙም ሐሳብሽ ተያይዞ ሲሄድ ይሰማል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ የባለጉዳዮችሽን ስምና የግል ጉዳይ ወደ ፈተናው ይዘሽ አትግቢ። «አንድ ሽማግሌ» ማለቱ ይበቃል።

አማርኛም እንግሊዝኛም መተየብሽም ጥሩ መልስ ይወጣዋል። ፈታኙ የእኛን ፊደል ምናልባት አይቶት አያውቅም። ከ200 በላይ የሆኑት ፊደሎቻችን አንድ በአንድ ቁልፍ ሊደርሳቸው ስለማይችል፣ አብዛኞቹን ለማውጣት መጀመሪያ የተነባቢውን፣ ቀጥሎ የአናባቢውን ቁልፍ እንደምትነኪ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብትነግሪው፣ ለሱ አዲስ ነገር ነው፤ ላንቺ ግን የየቀኑ ነው። ስለ ማሻሻል ከተጠየቅሽም «ብዙ እለማመዳለሁ» ከማለት፣ ጣቶችሽ ሳታዪ ቦታቸውን እንዲያገኙ ኤፍ እና ጄ ቁልፎች ላይ ያለችውን ትንሽ ጭረት እንዴት እንደምትዳስሺ ተናገሪ። በዚህ መካከል ፈታኙ ቢያቋርጥሽ አትደንግጪ፤ በመጀመሪያው ክፍል ጊዜው አጭር ስለሆነ ወደሚቀጥለው ጥያቄ መሄዱ የተለመደ ነው። ጥያቄው ካልተሰማሽም እንዲደግምልሽ መጠየቅ ይፈቀድልሻል።

ስለ ዕለት ተዕለት ልማድ ስንናገር እኛን ኢትዮጵያውያንን ለይተው የሚያደናቅፉን ሁለት ነገሮች ስላሉ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንደኛው ሰዓት ነው። ሥራ የምትገቢው ጧት 2:30 ከሆነ በእንግሊዝኛ የሚባለው ስምንት ተኩል ነው። በችኮላ «ቱ ሰርቲ» ካልሽ ግን ፈታኙ ከምሳ በኋላ ሥራ የምትጀምሪ አድርጎ ይረዳሽና የቀረው ንግግርሽ ይምታታበታል። ሁለተኛው ዓመተ ምሕረት ነው። «መቼ ተማርሽ?» ስትባዪ በ2009 ዓ.ም. ከሆነ፣ በእነሱ አቆጣጠር እንደ ወሩ 2016 ወይም 2017 መሆኑ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጦ ሰባትና ስምንት መደመር አንደበትን ስለሚይዝ፣ እኔ ብሆን ዓመቱን ትቼ «ኮሌጅ ሳለሁ» ወይም «ከተመረቅሁ በኋላ» እል ነበር። ለልማድ ጥያቄ ያ ከበቂ በላይ ነው።

ከሰዋስው አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንድታተኩሪ እመክርሻለሁ። «ለአምስት ዓመት ስጽፍ ቆይቻለሁ፤ አሁንም እጽፋለሁ» የሚለውን ሐሳብ ብዙዎቻችን «አይ አም ታይፒንግ ሲንስ ፋይቭ ይርስ» እንለዋለን። ትክክለኛው «አይ ሃቭ ቢን ታይፒንግ ፎር ፋይቭ ይርስ» ነው። የሥራ ዘመንሽን በተናገርሽ ቁጥር ስለሚመጣ አፍሽ ውስጥ እስኪገባ ድረስ በተለያየ ሥራ ለዋውጠሽ በዪው፤ ስለ ምግብ ማብሰል፣ ስለ ደብረ ብርሃን ኑሮሽ፣ ስለ እንግሊዝኛ ትምህርትሽ። ኮምፒውተርንም እኛ «እንከፍታለን»፣ «እንዘጋለን»፤ እነሱ «ተርን ኦን»፣ «ተርን ኦፍ» ይላሉ። በድምፅ በኩል «ስክሪን» እና «ስፒድ» ከማለትሽ በፊት «እ» እንዳትጨምሪ፣ «ታይፕ» የሚለው ግሥ ኃላፊ ጊዜ ሲሆን ደግሞ መጨረሻው በ«ት» ድምፅ እንዲዘጋ ጆሮሽን አስለምጂው። ከዚህ ያለፈውን የአነጋገር ጣጣ ለጊዜው ተዪው፤ ያገራችን ቃና መኖሩ በራሱ አያስጥልም።

ከሁሉ በላይ ልትሞክሪው የምፈልገው ልምምድ ከሙያሽ የሚነሣ ነው። ሰው የተናገረውን ሰምቶ በትክክል ወደ ጽሑፍ ማውረድ የየቀን ሥራሽ አይደል? እንግዲያው ይህንኑ ለራስሽ አድርጊው። አንድ ጥያቄ ምረጪ፣ ሳትዘጋጂ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተናገሪና በስልክሽ ቅጂው። ከዚያም ኪቦርዱ ላይ ተቀምጠሽ የተናገርሽውን እንዳለ፣ «እእ» ያልሽበትን፣ ዓረፍተ ነገሩ የተሰበረበትን፣ ያለፈውን ጊዜ በአሁኑ ያልሽበትን ሁሉ ሳታርሚ ተይቢው። የባለጉዳይን ቃል እንደማታጣምሚው ሁሉ የራስሽንም አታጣምሚው። ስክሪኑ ላይ ሲቀመጥ፣ ጆሮ ያለፈውን ስሕተት ዓይን ይይዘዋል፤ አንቺ ደግሞ ጽሑፍ አርሞ መስጠት የለመድሽ ሰው ነሽ። በአንድ ቁጭታ አንድ ዓይነት ስሕተት ብቻ አርሚ፤ ዛሬ ጊዜውን፣ ነገ ማያያዣውን። ሲያልቅ የታረመውን ፋይል አጥፊውና ያንኑ ጥያቄ እንደገና በቃል መልሺ። ማጥፋቱን ቸል አትበዪ፤ ካስቀመጥሽው ከሳምንት በኋላ ሌላ የሚሸመደድ ወረቀት ይሆንብሻል። ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ቢለይ ደስ ይበልሽ።

የት ልለማመድ ለሚለው ጭንቀትሽ፣ ከሥራ ወደ ቤት የምትሄጂበት መንገድ አይመችም? ጆሮ ማዳመጫ ሰክታ እየተናገረች የምትሄድ ሴት ለአላፊ አግዳሚው ስልክ የምታወራ ናት፤ ማንም ዞር ብሎ አያይሽም። ባለጉዳይ ከመምጣቱ በፊት ያለችው የጧት ጊዜም አለች። እናትሽን በተመለከተ ግን ላስቸግርሽ፤ እንደምትለማመጂ ነግረሻቸው ታውቂያለሽ? ስለ ውጭ ትምህርቱ የሚያውቁ ከሆነ፣ ከጓዳ ሆነው የሚሰሙት የማይገባቸው እንግሊዝኛ ከሚያስቃቸው ይልቅ ምርቃት የሚያስወጣቸው ይመስለኛል። አንቺ ግን ከማንም በላይ ስለምታውቂያቸው ውሳኔው ያንቺው ነው።

ቀኑን ስለማራዘም ዛሬ እንድትወስኚ አልመክርሽም። መጀመሪያ የተመዘገብሽበትን የፈተና ጣቢያ ደውለሽ ቀን ለመቀየር እስከ መቼ እንደሚፈቀድና ምን ያህል እንደሚያስከፍል ጠይቂ። በዚያው ጥሪ የቃል ፈተናሽ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ቀን መሆኑን ወይም በሌላ ቀን መሆኑን አረጋግጪ። በጣቢያው በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና ካለም ስለሱ ጠይቂ። በጽሑፉ ፈተና በ60 ደቂቃ ውስጥ አንዱ ቢያንስ 150፣ ሌላው ቢያንስ 250 ቃላት ያላቸው ሁለት ጽሑፎች ስለሚጠየቁ፣ እንዳንቺ ጣቱ የፈጠነ ሰው እዚያ ጊዜ ይተርፈዋል። የምትፈልጊው ዩኒቨርሲቲ ለቃል ፈተናው ለብቻው የሚጠይቀው ዝቅተኛ ነጥብ ካለም እወቂው። ለቀን መቀየሪያ የተፈቀደው ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ራስሽን ፈትኚ። አይተሽው የማታውቂውን ጥያቄ ሰው ሲጠይቅሽ በአብዛኛው ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ሳትቆሚ መናገር ከቻልሽ ግቢ። አሁንም «የስ» ብለሽ የምትቆሚ ከሆነ አራዝሚው። ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ስለሆነ ጥቂት ሳምንት መዘግየት የዩኒቨርሲቲውን የማመልከቻ ቀን እስካላሳለፈብሽ ድረስ ጉዳት የለውም።

የአጎትሽን ልጅ ወረቀት ለመተው እሱን መግፋት አያስፈልግሽም። ያወረደው ላንቺ አስቦ ነው፤ ያንን መጀመሪያ ንገሪውና አመስግኚው። ከዚያ አዲስ አበባ የገጠመሽን ሳትደብቂ አጫውቺው፤ መምህሩ ያሉሽን ከሰማ በኋላ መልሶቹን የግድ ተጠቀሚባቸው የሚልሽ አይመስለኝም። ጥያቄዎቹን ግን ያስቀምጣቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ማታ ማታ በስልክ እየደወለ፣ ቅደም ተከተላቸውን አቀላቅሎ፣ አንዳንዱንም ራሱ ፈጥሮ እንዲጠይቅሽ ለምኚው። በስልክ ሲሆን ፊቱን ስለማታዪ እፍረቱ ይቀንስልሻል። እንዳያርምሽም ንገሪው። መልስሽ ሲያልቅ «ለምን?» ወይም «ለምሳሌ?» ብሎ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅሽ። የመጀመሪያውን ስልክ ለዚህ ቅዳሜ ቅጠሪው።